ወገቡን የተጎዳው ወንድሜ ከሆስፒታል ሊወጣ ነው፤ ቤት ሲገባ ምን እናድርግ?

ታላቅ_ወንድም፦
ሰላም ለሁላችሁ። ታናሽ ወንድሜ ልስን ሠራተኛ ነው። አዲስ አበባ አንድ ፎቅ ላይ ሲሠራ የቆመበት አጠና ተሰብሮ ወደቀ። ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ወገቡ ውስጥ ብረት ገብቷል። ሐኪሞቹ ህብለ ሰረሰሩ እንደተጎዳ፣ ደረጃውም "ቲ12" (የጀርባ አጥንት ቁጥር ነው፣ ከላይ ወደ ታች ይቆጠራል) እንደሚባል ነግረውናል። ከብሽሽቱ በታች አይሰማውም፣ እግሩን አያንቀሳቅስም። እጁና ደረቱ ደህና ነው።

አሁን አልጋው ለሌላ ሰው ስለሚፈለግ በዚህ ሳምንት ትወጣላችሁ ተባልን። የሰጡን ወረቀት ላይ የመድኃኒት ስምና የቀጠሮ ቀን ብቻ ነው ያለው። ሽንቱ በቱቦ ነው የሚወጣው። ቱቦው መቼ እንደሚቀየር እንኳ የነገረን ሰው የለም። ቤታችን ደብረ ብርሃን ነው። መግቢያው ላይ ሁለት ደረጃ አለ፣ ሽንት ቤቱ ጓሮ ነው። እናታችን ማልቀስ አላቆመችም። እሱ ደግሞ ዝም ብሏል። ትናንት ማታ "መቼ ነው የምነሳው?" አለኝ፤ ምን እንደምለው ጠፋኝ።

ያለፋችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ምን ልግዛ? ቤቱን ምን ላድርገው? እሱንስ ምን ልበለው?

ባለዊልቸሩ፦
አይዞህ ወንድሜ። እኔ ቲ10 ነኝ፣ በመኪና አደጋ። ዛሬ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለኝ፣ ሁለት ልጆችም ቀጥሬያለሁ። ይሄን የምነግርህ ለመፎከር አይደለም። ወንድምህ ከእኔ ዝቅ ብሎ ነው የተጎዳው፤ ስለዚህ የሚቀለው ለእሱ ነው።

እጁ ሙሉ ከሆነ ራሱን ከአልጋ ወደ ዊልቸር ያሻግራል፣ ይታጠባል፣ ይለብሳል፣ ሽንቱን ራሱ ያወጣል። ግን ዝም ብሎ አይመጣም፣ ይለመዳል። እኛ አገር ብረቱ ከገባና ስፌቱ ከወጣ "ታክሟል" ይባላል። ገና ነው! ትልቁ ሕክምና ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፣ እሱም በአብዛኛው ትምህርት ነው። ያንን የሚያስተምር ሰው ሳያገኝ ነው ሰው ወደ ቤቱ የሚላከው።

ስለዚህ ሳትወጡ ነርሶቹንና ፊዚዮዎቹን (እንቅስቃሴ የሚያለማምዱትን ፊዚዮቴራፒስቶች) ያዛቸው። እንዴት ይገለበጣል? እንዴት ይቀመጣል? ሽንቱ እንዴት ይወጣል? "አሳዩኝ" በል፣ አስፈቅደህ በስልክህ ቅረጸው። ጥያቄ የሚያበዛ አስታማሚ አይወደድም። አይውደዱህ።

ቤቱ አያስጨንቅህ። ለራምፑ (በደረጃው ፋንታ ለሚሠራው ተዳፋት መውጫ) የደረጃውን ከፍታ በ12 አባዛ። 30 ሳንቲ ከፍታ ከሆነ 3 ሜትር ከ60 የሚረዝም ራምፕ ማለት ነው። አናጺው "ይሄ ሁሉ ለምን? ሜትር ተኩል ይበቃል" ይልሃል፤ እንዳትሰማው። አጭር ራምፕ ሰው ካልገፋህ አይወጣም፣ ስትወርድ ደግሞ በአፍንጫህ ነው። በሩ ሲከፈት ንጹሕ 80 ሳንቲ ይኑረው። አልጋው ከዊልቸሩ መቀመጫ ጋር እኩል ይሁን፤ ከፍ ካለ እግሩን አስቆርጠው። ለሽንት ቤቱ ጠንካራ ወንበር መሃሉን አስቆርጥና ጠርዙን በደንብ በስፖንጅ ሸፍነው። ሽፋኑን እንዳትረሳ፣ ጠርዝ ቆዳ ይበላል።

"ምን ልበለው" ላልከው፣ አትዋሸው። "ለፋሲካ ትነሳለህ" አትበለው። የማውቃቸው ልጆች አሉ፣ ዊልቸር ላይ መቀመጥን እጅ እንደመስጠት ቆጥረው አልጋ ላይ የቀሩ። "እግርህን አላውቅም፣ ግን በዚህ ወር ራስህ ከአልጋ ትወርዳለህ" በለው።

የማርያም_ልጅ፦
ወንድሜ ተስፋ አትቁረጥ። በሰፈራችን ሐኪም "በቃ" ያለው ልጅ ጸበል ገብቶ እግሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አይቻለሁ። ዊልቸር ዊልቸር እያላችሁ ልጁን አታስለምዱት። መጀመሪያ ጸበሉን ይሞክር።

ፊዚዮዋ፦
ጎንደር የተማርኩ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። ጸበሉን አልቃወምም፣ እኔም እጠመቃለሁ። ግን ቤተሰብ የሚጎዳበት ነገር ስላለ ልናገር።

ብዙ ጊዜ እግሩ "ተንቀሳቀሰ" የሚባለው ስፓስም ነው። ከጉዳቱ በታች ያለው ህብለ ሰረሰር አንጎልን ሳይጠይቅ በራሱ ጡንቻውን ይቀሰቅሰዋል። ብርድ ልብስ ሲነካው ይዘላል፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያገኘው ይዘላል። "አሁን አንሳው" ስትለው ከተነሳ ያ ሌላ ነገር ነው፣ ደስ ይበላችሁ፣ ለሐኪሙም ንገሩት። ዝም ብሎ የሚዘለውን እያዩ ግን ልምምዱን አቁመው፣ መድኃኒቱን ጥለው ወራት የጠበቁ ቤተሰቦች ገጥመውኛል። ልጁ ሲመለስ ጉልበቱ አይዘረጋም፣ መቀመጫው ላይ አጥንት የሚያሳይ ቁስል አለ።

ጸበል ከሄደ ስፖንጁን ይዞ ይሂድ። ድንጋይ ላይ ለሰዓታት አይቀመጥ። ቱቦውን ማንም አይንቀልበት።

ታላቅ ወንድም፣ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቀው፦ ጉዳቱ ሙሉ ነው ወይስ ከፊል? ይህን የሚያውቁት ፊንጢጣው አካባቢ ስሜት እንዳለና እዚያ ያለውን ጡንቻ ማጥበቅ እንደሚችል መርምረው ነው። ከኤ እስከ ኢ ፊደል ይሰጡታል። ኤ ሙሉ ጉዳት ነው፤ ወደ ታች በሄደ ቁጥር ተስፋው ይሰፋል። የሚመለስ ነገር ካለ አብዛኛው የሚመለሰው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራትና በመጀመሪያው ዓመት ነው። ስለዚህ ተስፋ ቢኖርም ባይኖርም ያ ጊዜ እጅ በማጣጠፍና በለቅሶ ማለፍ የለበትም።

አሁን ቆዳው። ይሄ ሰው የሚገድል ነገር ነው፣ አልጋ ላይ ያለ ቁስል ብላችሁ እንዳትንቁት። አልጋ ላይ በየ2 ሰዓቱ ይገለበጥ፣ ሌሊትም። ሲቀመጥ በየ15 ወይም በየ30 ደቂቃው በእጁ ተደግፎ መቀመጫውን ያንሳ፣ ወይም ወደ ጎንና ወደ ፊት ዘንበል ይበል። ጠዋትና ማታ ጭራ አጥንቱን፣ ዳሌውን፣ ተረከዙን እዩ። እሱም በመስታወት ማየት ይልመድ። መጽሐፉ "ቅላት ፈልጉ" ይላል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቅላቱ ላይታይ ይችላል። ከሌላው የጠቆረ፣ የሞቀ ወይም ጠጠር ያለ ቦታ ካገኛችሁ እስኪለቅ ድረስ በዚያ ጎን አይተኛ፣ አይቀመጥ።

እና እባካችሁ፣ የመኪና ከመነዳሪ ነፍታችሁ መሃሉ ላይ አታስቀምጡት! በየቤቱ አየዋለሁ። ዙሪያውን ተጭኖ የመሃሉን የደም ዝውውር ይዘጋል። ጠፍጣፋ፣ ወፍራም ስፖንጅ ይሻላል።

ታላቅ_ወንድም፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከመነዳሪውን አጎቴ ትናንት ነፍቶ አምጥቶት ነበር፤ ለልጆች መጫወቻ ሆነ። ስለ ሽንቱ ብትነግሪኝ እህቴ። ቱቦው ዕድሜ ልኩን ነው?

ፊዚዮዋ፦
ላይሆን ይችላል። እጁ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ የሚመረጠው በየ4 ወይም በየ6 ሰዓቱ ቀጭን ካቴተር (የሽንት ቱቦ) አስገብቶ፣ ሽንቱን አውጥቶ፣ ካቴተሩን መጣል ነው። ለኢንፌክሽንም ለኩላሊትም ከሚቀመጠው ቱቦ ይሻላል። ነርስ አንዴ በደንብ ካሳየችው ይለምደዋል። እጅ በሳሙና መታጠብ ዋናው ነው። ፊኛው ውስጥ ከግማሽ ሊትር በላይ እንዳይጠራቀም። እስከዚያው ቱቦው እንዳለ ከሆነ ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛው ዝቅ ብሎ ይንጠልጠል፣ የሚቀየርበትን ቀን ሳታስጽፍ አትውጣ። ትኩሳት፣ የደፈረሰና የሚሸት ሽንት፣ ከወትሮው የባሰ የእግር መዝለል ካያችሁ ቶሎ ጤና ጣቢያ። ውኃ መጠጣት አያቁም። መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣባቸው ውኃ የሚተዉ ሰዎች አሉ፤ መጨረሻው ኩላሊት ነው።

የሱ_ሚስት፦
ባሌ የተጎዳው ከተጋባን በኋላ ነው። ፊዚዮዋ የዘለለችውን እኔ ልንገርህ፣ ሰው ስለሚያፍር አይወራም። ሆዱ ነው። ሰውየውን ቤት የሚያስቀረው እግሩ አይደለም፤ "ሰው መሃል ቢያመልጠኝስ" የሚለው ፍርሃት ነው። ለሰገራው ቋሚ ሰዓት አውጡለት። እኛ ጠዋት ቁርስ በልቶ ትኩስ ነገር ከጠጣ በኋላ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ይቀመጣል። ምግብ ሲገባ አንጀት ስለሚነቃ ነው። በጓንትና በቅባት እንዴት እንደሚረዳ ነርስ አሳይታናለች። በየቀኑ ያው ሰዓት። መጀመሪያ አስቸጋሪ ነው፣ ከዚያ ይለምዳል። አንጀቱ ሰዓቱን ካወቀ ቀኑን ሙሉ ነፃ ነው።

እሳት! ቡና ስናፈላ ከሰሉ አጠገብ እግሩን አስጠግቶ ሲጫወት መቃጠሉን የነገረን ሽታው ነው። ምንም አልተሰማውም። ትኩስ ሻይ ጭኑ ላይ አታስቀምጡለት። የገላ ውኃውንም በክርናችሁ ሞክሩት።

አማቴ ነፍሷን ይማረውና ታጎርሰው ነበር። እጁ እኮ ደህና ነው! ልብሱን ታለብሰዋለች፣ ውኃ ከጠየቀ ሦስት ሰው ይሮጣል። ፍቅር ነው፣ ይገባኛል። ግን በዚያ ፍቅር መሃል አንድ ትልቅ ሰው ሕፃን ሆኖ ተኛ። አንድ ቀን በሩን ዘግቼ "ካልሲህን ራስህ አድርግ" አልኩት። ተጣላን። ከሰዓት አደረገው። እናትህን በጊዜ አናግራት።

እድሩም "አንተ አትልፋ፣ እቤትህ ሁን" ብሎት ነበር፣ ለእሱ አዝነው። ለቅሶ መድረስ ያልቻለ ሰው ሰፈር ውስጥ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው፤ ታውቃላችሁ። እኔና ወንድሙ ዊልቸሩን ድንኳኑ ውስጥ አስገባነው። ሰው መጀመሪያ አፈጠጠ። አሁን የእድሩ ሒሳብ ያዥ ነው፣ መዋጮ ያላስገባን ሰው መድረሻ ያሳጣል።

(ልጅ ወልደናል። በሐኪም እርዳታ። ለሚጠይቁኝ በውስጥ መስመር እመልሳለሁ።)

ሲልቨር_ስፕሪንግ፦
ሰላም፣ ሜሪላንድ ነርስ ነኝ። እዚህ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ከቀዶ ጥገናው ቀጥታ ወደ ማገገሚያ ሆስፒታል ይዛወራል። በቀን ወደ 3 ሰዓት ልምምድ ይሠራል፣ አብዛኛውን የሳምንቱን ቀን። ቤተሰቡም አብሮ ይማራል። ሁሉ ነገር ወርቅ ነው እያልኩ አይደለም፣ ኢንሹራንሱ ከሳምንታት በኋላ "ውጣ" ይላል፣ ቤት ሄደው ብቻቸውን የሚቀሩ አሉ። ጎረቤት የሚያንኳኳበት ሰፈር ያላችሁ እናንተ ናችሁ።

ታላቅ ወንድም፣ እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ያገለገለ ዊልቸር ማሰባሰብ ይቻላል። ሰው ሲመጣ እልካለሁ።

ባለዊልቸሩ፦
እግዜር ይስጥሽ። ብቻ ሁለት ነገር እዪልን። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የሚገፋበት ሰፊና ከባድ ዓይነት አይሁን። ለኮሪደር የተሠራ ነው። ዳሌውን ለክቶ ይላክልሽ፣ ወንበሩ ከዳሌው ትንሽ ብቻ ይስፋ። ሰፊ ወንበር ላይ ሰው ይጣመማል፣ ጎማውም ይርቀዋል። ሁለተኛ፣ የፊት ጎማዎቹ ትንንሽና ጠንካራ ፕላስቲክ ከሆኑ በኮብልስቶን ላይ በየድንጋዩ ስንጥቅ እየተቀረቀሩ በግንባሩ ይደፉታል። ፊቱ ሰፋ ያለ ጎማ ያለው ፈልጊ። የኋላው ነፋስ የሚነፋ ከሆነ ብስክሌት ጠጋኝ ይጠግነዋል።

አዲስ አበባ ውስጥ አዲስ ጉዞ የሚባል ድርጅት ከስዊዘርላንድ ያገለገሉ ዊልቸሮች እያስመጣ፣ ጠግኖና ለሰውዬው ለክቶ ይሰጣል። እዚያም ጠይቁ። ለክቶ የሚሰጥ ማለት ትልቅ ነገር ነው። በየበዓሉ ካሜራ ፊት የሚታደለው ዊልቸር አብዛኛው ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው።

የድሮ_ስፖርት፦
አበበ ቢቂላን ማንም አላነሳውም? እሱም እኮ ህብለ ሰረሰሩን ነው የተጎዳው። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ማታ ቮልስዋገኑን ሲነዳ ተገለበጠ። መጀመሪያ እጁም አይንቀሳቀስም ነበር። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተወስዶ ስምንት ወር ያህል ታከመ። እጁ ተመለሰ፣ እግሩ አልተመለሰም። ከዚያ ቀስት መወርወር ጀመረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስም ተጫወተ። እ.ኤ.አ. በ1971 ኖርዌይ ሄዶ በበረዶ ላይ 25 ኪሎ ሜትር ውሾች የሚጎትቱት መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ኢትዮጵያዊ፣ በረዶ ላይ! በሙኒክ ኦሊምፒክ በዊልቸር ሲገባ ሕዝቡ ቆሞ ነው ያጨበጨበለት።

በዚያ ሆስፒታል የህብለ ሰረሰር ክፍሉን የከፈተው ዶክተር ጉትማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 ክፍሉን ሲከፍት እንዲህ የተጎዳ ሰው ብዙ አይቆይም ተብሎ የሚታለፍ ነበር። በየሁለት ሰዓቱ አስገለበጣቸው፣ ስፖርትና ሥራ አስጀመራቸው። በ1948 አሥራ ስድስት ሰዎች ይዞ የጀመረው ውድድር ነው ኋላ ፓራሊምፒክ የሆነው። የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ የተደረገው ደግሞ ሮም፣ በ1960፣ አበበ በባዶ እግሩ ካሸነፈ ከቀናት በኋላ።

እውነቱን_እናውራ፦
አበበን ንጉሡ ናቸው ያሳከሙት፣ እንግሊዝ ድረስ። ከአጠና የወደቀን ልስን ሠራተኛ ማን እንግሊዝ ይወስደዋል? ይሄን ታሪክ ለድሃ መንገር ማሾፍ ነው።

ፊዚዮዋ፦
ልክ ነህ፣ አውሮፕላኑን የሚከፍል የለም። ግን ስምንቱን ወር ምን ሲያደርጉ ነበር ብለህ ጠይቅ። እግሩን አልመለሱለትም። መገልበጥ፣ መቀመጥ፣ ክንድ ማጠንከር፣ ከወንበር ወንበር መሻገር፣ ኳስ መወርወር። አብዛኛው ማሽን አይፈልግም። የሚፈልገው የሚያውቅ ሰው፣ አልጋና ጊዜ ነው። ያ የጎደለን የሆስፒታል ሕንፃ ስላነሰ ብቻ አይደለም፤ ቀዶ ጥገና እንደ ሕክምና ሲቆጠር ማገገሚያው እንደ ቅንጦት ስለሚታይ ነው። እኔ በምሠራበት ክፍል ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን፣ የጣውላ መሻገሪያ አናጺ ሠርቶልን ነው የምናስተምረው። ይሠራል። የሚያንሰው የእኛ ቁጥር ነው።

ደግሞ ለአበበም አልዋሽህም። በ1966 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ በ41 ዓመቱ ነው ያረፈው፣ ከዚያው አደጋ ጋር በተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ። ክትትል ዕድሜ ልክ ነው።

የሠራተኛ_ጉዳይ፦
ቆይ፣ ማንም ስለ አሠሪው አልጠየቀም! ሥራ ላይ ነው የወደቀው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ 1156/2011 መሠረት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። የሕክምና ወጪ አለ። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ ደግሞ ካሣው የ5 ዓመት ደመወዝ ነው፤ ከፊል ከሆነ በሐኪሞች ቦርድ በሚወሰነው መቶኛ። "ውል አልፈረመም፣ የቀን ሠራተኛ ነው" ይሉሃል። የቃል ውልም ውል ነው። አብረውት የሠሩትን ልጆች ስምና ስልክ ዛሬ ያዝ፤ ሕንፃው ሲያልቅ ይበተናሉ። የሆስፒታሉን ማስረጃ "ሥራ ላይ ወድቆ" የሚለው እንዳይቀር አስጽፍ። "ትንሽ ብር እንስጥህና ፈርም" ካሉህ ሳታማክር አትፈርም። ጊዜም አታሳልፍ።

ወደ ሥራ ሲመለስ ደግሞ አዋጅ 568/2000 አለ፣ በአካል ጉዳት ምክንያት ቅጥር መከልከልን ይከለክላል። የሕንፃ አዋጁም ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ ለዊልቸር መግቢያ እንዲኖረው ያዛል። መኖሩስ አለ፤ ራምፑን ወጥተህ ስትጨርስ ሦስት ደረጃ የሚጠብቅህ ባንክ አውቃለሁ።

የሐዋሳዋ፦
ይቅርታ ክሩን ልጥለፍ። እህቴ አንገቷ ነው የተጎዳው። አንዳንዴ ድንገት ራሷን ይፈልጣታል፣ ፊቷ ይቀላል፣ ላብ ያጠምቃታል። ሰፈር "ቡዳ ነው" ይላሉ። ምንድን ነው?

ፊዚዮዋ፦
እህቴ፣ ይሄ አስቸኳይ ነው፣ አንብቢው። ቲ6 ላይ ወይም ከዚያ በላይ የተጎዱ ሰዎች ከታች አንድ የሚቆረቁር ነገር ሲኖር ደም ግፊታቸው በአንዴ ይተኮሳል። ወዲያው ቀጥ አድርገሽ አስቀምጫት፣ አታስተኚያት። ጠባብ ልብስ፣ ቀበቶ፣ ካልሲ ፍቺ። ቱቦዋ ታጥፎ ወይም ተደፍኖ እንደሆነ እዪ፣ ብዙውን ጊዜ ፊኛ መሙላት ነው። ካልሆነ ሆድ ድርቀት፣ ቁስል፣ የገባ ጥፍር ሊሆን ይችላል። በደቂቃዎች ካልወረደ ሆስፒታል፣ "ከጉዳቷ ጋር የተያያዘ የደም ግፊት ነው" ብለሽ ንገሪያቸው። ሊገድል ይችላል። ዛሬውኑ ሐኪሟን አናግሪ።

ታላቅ_ወንድም፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ቤት ገባን። ራምፑን ብየዳ ቤት በላሜራ አሠራሁት፣ ሰውየው "ይሄ ሁሉ ርዝመት?" አለኝ፣ ሳቄ መጣ። የሦስት ልጆች ስልክ ይዣለሁ፣ አሠሪው "እንነጋገር" ማለት ጀምሯል። ሰዓቱን በአስታማሚ ሳይሆን በደወል ይዘነዋል፤ ስልኩ በየ20 ደቂቃው ሲጮህ መቀመጫውን ያነሳል። እናቴ ጉርሻውን አልተወችም። ትተወው ይሆን?

ያልገባኝ ስፖንጁ ነው። ሱቆቹ ለስላሳና ጠንካራ አላቸው፣ ለስላሳው ደስ ይላል። የትኛውን ላስቆርጥ?

ባለዊልቸሩ፦
ጠንካራውን። ለስላሳው ሲነካ ደስ ይላል እንጂ ሲቀመጥበት ወደ ታች ይሟሽሽና አጥንቱ ጣውላ ይነካል። ወደ 10 ሳንቲ ውፍረት አስቆርጥ። ከዚያ እሱ ተቀምጦ እጅህን፣ መዳፍህን ወደ ላይ አድርገህ፣ ከመቀመጫ አጥንቱ ሥር አስገባ። አጥንቱ እጅህን ወንበሩ ላይ ከደቆሰው ስፖንጁ አይሆንም፣ መልሰህ ውሰደው። በላስቲክ አትሸፍነው፣ ላብ ይይዛል፤ የሚታጠብ የጥጥ ጨርቅ ይሁን። በየጊዜውም አገላብጠህ እየው፤ ሲሰበር በዓይን ይታያል።

ጉርሻውን በዓመት በዓል ፍቀድላት።